አንጎልን በችግኝነቱ ያዩት ሐኪም

ልጁ መድፍ ሠራ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። ያገኘውን ግንድ ውስጡን ቦርቡሮ፣ ዙሪያውን በሽቦና በገመድ ጠፍሮ፣ ባሩድና ጠጠር ጠቀጠቀበትና ወደ ጎረቤት የአትክልት ቦታ በር አነጣጠረ። በሩ ተበሳስቶ ቀረ። ባለቤቱ ለሹም አቤት አለ፤ ልጁም ለጥቂት ቀናት እስር ቤት ገባ። አባቱ የከተማዋ ሐኪም ነበሩ፤ ተሰሚነትም ነበራቸው። ልጃቸውን ለማስፈታት ግን ከቤት አልወጡም። ቅጣቱ ይገባዋል ባይ ነበሩ።

ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካኻል ማለት ይህ ልጅ ነው። ሜይ 1 ቀን 1852 በሰሜን ስፔን፣ ፔቲያ ዴ አራጎን በምትባል የተራራ መንደር ተወለደ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ዶን ኹስቶ ከድሃ ቤት ወጥተው፣ በፀጉር አስተካካይ ቤት እያገለገሉ፣ በራሳቸው ጥረት ተምረው ሐኪም የሆኑ ብርቱ ሰው ነበሩ። በዚያ ዘመን በስፔን ገጠር ፀጉር አስተካካይ ፀጉር ብቻ አይቆርጥም፤ ጥርስ ይነቅላል፣ ዋግምት ይመታል፣ ቁስል ያጥባል። ዶን ኹስቶ ለልጃቸው ፈረንሳይኛ ያስተማሩት እረኞች በሚጠለሉበት ዋሻ ውስጥ ነው። ከሰው ጫጫታ የራቀ ቦታ ስለሆነ መርጠውት ነበር።

ልጁ ግን የሚፈልገው ሥዕል ነበር። በወረቀት ላይ፣ በመጽሐፍ ጠርዝ ላይ፣ በግድግዳና በበር ላይ ሳይቀር ይሥላል። አባት ሥዕል እንጀራ አይሆንም አሉ። ለፍርድ ያህል አንዱን ሥዕል ቤተ ክርስቲያን ለማደስ ወደ ከተማዋ መጥቶ ለነበረ ግድግዳ ቀቢ አሳዩት። ቀቢውም ልጁ ተሰጥኦ የለውም ብሎ ፈረደ። ይህን ያህል የተሳሳተ ዳኛ በታሪክ ብዙ አይገኝም።

ከዚያ በኋላ ልጁ ካህናት ወደሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ተላከ። ጅራፉ በዛ፤ ምግብ እየከለከሉም ይቀጡት ነበር። አልተመለሰም። አባት ተስፋ ቆርጠው መጀመሪያ ከፀጉር አስተካካይ ዘንድ፣ ቀጥሎም ከጫማ ሰፊ ዘንድ አስቀጠሩት። በጫማ ሰፊነቱ እንኳ ጎበዝ ወጥቶ ነበር።

ነገሩን የለወጠው በ1868 የሆነው ነው። ዶን ኹስቶ ልጃቸውን በጨረቃ ብርሃን ወደ አንድ የቆየ መቃብር ቦታ ይዘውት ሄዱ። አጥሩን ተሻግረው በሣር ውስጥ ተበትኖ የነበረ የሰው አጥንት ለቅመው ተመለሱ፤ በዚያም አጥንት የሰውን አካል ያስተምሩት ጀመር። ለአባትየው ሕክምና ነበር፤ ለልጁ ግን ሊሣል የሚችል ነገር ነበር። እያንዳንዱን አጥንት አገላብጦ ሣለ። እርሳሱና ሕክምናው ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተለያዩም።

ቀጥሎ ያለው ቶሎ የሚነገር ነው። በ1873 በሳራጎሳ ከተማ ከሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቀ። በወታደር ሐኪምነት በ1874 ወደ ኩባ ተላከ፤ በዚያ ረግረግ ወባ ይዞት ሊሞት ደርሶ በ1875 ቆዳና አጥንት ሆኖ ተመለሰ። ከኩባ ደመወዙ በተረፈው ገንዘብ ማይክሮስኮፕ ገዛ። በ1878 ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ታመመና ከዚያም ዳነ። በ1879 ሲልቬሪያ የምትባል ልጅ አገባ፤ ሰባት ልጆች ወለዱ። በ1884 በቫሌንሲያ ዩኒቨርሲቲ የአካል ጥናት መምህር ሆነ። ከዚህ ወዲያ ሳንቲያጎ አንቱ ሊባሉ ይገባል።

በ1885 ቫሌንሲያን ኮሌራ መታት። ካኻል በሽታውን በማይክሮስኮፕ አጥንተው ለሳራጎሳ አስተዳደር ሪፖርት አቀረቡ። አስተዳደሩም በምስጋና አንድ ዘመናዊ የጀርመን ማይክሮስኮፕ፣ ዛይስ የሚባለውን፣ ሰጣቸው። የመምህር ደመወዝ እንዲህ ያለውን መሣሪያ የሚገዛ አልነበረም።

በዚያ ዘመን የአንጎል ነገር ለሊቃውንቱ ግራ ነበር። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት እርስ በርሱ የተወሳሰበ ጭራሮ ብቻ ይታያል። ብዙዎቹም አንጎል እንደ ዓሣ አጥማጅ መረብ አንድ ወጥ ነው፣ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም ይሉ ነበር። በ1873 ጣሊያናዊው ሐኪም ካሚሎ ጎልጂ አንድ ዘዴ አገኙ። የአንጎልን ቁራጭ ፖታሲየም ዳይክሮሜት በሚባል ኬሚካል ይዘፈዝፉና ቀጥሎ በብር ጨው ውስጥ ይነክሩታል። ያን ጊዜ ከብዙ ሕዋሳት መካከል ጥቂቶቹ ብቻ እስከ ጫፋቸው ጥቁር ሆነው ይወጣሉ፤ የቀሩት እንዳልነበሩ ይሆናሉ። ደን ውስጥ ገብቶ አንዱን ዛፍ ብቻ ለይቶ እንደማየት ነው። ካኻል ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በ1887 ማድሪድ ውስጥ፣ ሉዊስ ሲማሮ በሚባሉ ሐኪም ቤት ነው። አይተው እንደ ተመለሱ ሌላውን ሥራ ሁሉ ወደ ጎን አሉት።

ዘዴው ግን አመለኛ ነበር። ባደገ እንስሳ አንጎል ላይ ሲሞክሩት አንድ ጊዜ ይሠራል፣ አሥር ጊዜ ይከሽፋል። ምክንያቱ ማይሊን የሚባለው ቅባታማ ሽፋን ነው። በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ያለው ላስቲክ ሽቦውን እንደሚሸፍን ሁሉ፣ ማይሊንም ረጃጅሞቹን የነርቭ ክሮች ይሸፍናል፤ ብሩን አያስገባም። ካኻል ብሩን ደጋግመው መንከር ጀመሩ፤ ያም ረዳ። ዋናው መፍትሔያቸው ግን ኬሚካል አልነበረም። ዕድሜ ነበር። ያደገውን እንስሳ ትተው ከእንቁላሉ ያልወጣ ጫጩት፣ ገና የተወለደ የአይጥ ግልገል፣ የድመት ግልገል፣ የቡችላ አንጎል መመርመር ጀመሩ። ነገሩን ከደን ጋር አመሳስለውታል። ጥቅጥቅ ባለ አሮጌ ደን ውስጥ የየትኛው ዛፍ ቅርንጫፍ የት እንደሚደርስ መለየት ያዳግታል፤ ችግኙን በችግኝ ጣቢያ ያየ ሰው ግን የአንዱን ከሌላው አይቀላቅልም።

ግልገሉ ማይሊን የሌለው ለምንድን ነው? ካኻል በዚያን ጊዜ ይህን ሊያውቁ አይችሉም ነበር። ጂን የሚለው ቃል ራሱ የተፈጠረው በ1909 ነው። መልሱ የመጣው እርሳቸው ካለፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል።

በአይጥም ሆነ በሰው ሰውነት ውስጥ ባለ ሕዋስ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ሃያ ሺህ ያህል ጂኖች የተጻፉበት አንድ ዓይነት መጽሐፍ አለ። የቆዳ ሕዋስ ያለው መጽሐፍ የአንጎል ሕዋስም አለው። ልዩነቱ በንባቡ ነው። ሙሉው ኦሪት በአንድ ጥራዝ ቢሆንም በየሰንበቱ የሚነበበው ለዚያ ሰንበት የተመደበው ክፍል እንደሆነ ሁሉ፣ ሕዋስም በጊዜውና በቦታው የሚያስፈልገውን ክፍል ያነባል፤ የቀረውን ዘግቶ ያስቀምጣል። ሲነበብ ጂኑ ሥራ ላይ ይውላል፣ ፕሮቲን ይሠራል። እናቷን ወተት በምትጠባ የአይጥ ግልገል አንጎል ውስጥ ማይሊን የሚሠራባቸው ጂኖች በአብዛኛው ገና ተዘግተው ናቸው። በሳምንታት ውስጥ ይከፈታሉ። በሰው ልጅ ደግሞ ማይሊን ከመወለድ ጥቂት ቀደም ብሎ ጀምሮ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ ድረስ ቀስ እያለ ይለብሳል። ካኻል እንግዲህ የተጠቀሙት መጽሐፉ ያ ገጽ ላይ ሳይደርስ ያለውን አጭር ጊዜ ነው።

በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ያዩት ነገር ብዙ ነው። ከሁሉ የሚደነቀው ግን የአንድ ሕዋስ ታሪክ ነው። ከራስ ቅል በስተኋላ፣ ከዋናው አንጎል ሥር፣ እንደ ቡጢ የምታህል ትንሽ አንጎል አለች፤ ሚዛናችንንና እንቅስቃሴያችንን ትቆጣጠራለች። በእሷ ውስጥ ፑርኪንዬ የሚባል ትልቅ ሕዋስ አለ። ባደገ እንስሳ ሲታይ፣ በአንድ ጎን ብቻ እንደ ተዘረጋ የወይን ሐረግ ጠፍጣፋና የተዋበ ዛፍ ነው፤ በቅርንጫፎቹም ላይ ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ንክኪዎችን ይቀበላል። በተወለደበት ሰሞን ግን እንዲህ አይደለም። ከሰውነቱ በየአቅጣጫው የተንጨፈረሩ አጫጭር ጭራሮዎች ብቻ ናቸው ያሉት። ከዚያ አብዛኛዎቹ ይጠፋሉ፣ አንደኛው ግንድ ይሆናል፣ ግንዱም ቅርንጫፍ ያወጣል። ይህ ሁሉ በአይጥ ከተወለደች በኋላ ባሉት ሦስት አራት ሳምንታት ይከናወናል። ካኻል ይህን በየዕድሜው እየቀነጨቡ፣ ደረጃ በደረጃ ሣሉት። አንጎል ተሠርቶ አልቆ እንደማይወለድ፣ ከተወለደም በኋላ እየበቀለና ራሱን እየገረዘ እንደሚያድግ፣ ማንም ሊያስተባብለው በማይችል ሥዕል አሳዩ።

ንባቡ መለወጡ አንዳንዴ የሚገርም ውጤት አለው። ጋባ የሚባል መልእክተኛ ኬሚካል አለ፤ ባደገ አንጎል ውስጥ ሥራው ሕዋሳትን ማረጋጋት ነው። ገና በተወለደች አይጥ አንጎል ውስጥ ግን ይኸው መልእክት ሕዋሱን ያነሣሣል እንጂ አያረጋጋውም። የጨውን መጠን የሚያስተካክል አንድ ጂን ከተወለደች በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ገደማ በብዛት መነበብ ሲጀምር ትርጉሙ ይገለበጣል። መልእክቱ ያው ነው፤ የሚሰማው ጆሮ ነው የተለወጠው።

ካኻል በ1887 መጨረሻ ወደ ባርሴሎና ተዛውረው ነበርና ይህን ሁሉ የጀመሩት እዚያ ነው። በ1888 ግኝታቸውን የሚያትምላቸው ቢያጡ የራሳቸውን መጽሔት አቋቋሙ። የኅትመቱን ዋጋ ከኪሳቸው ከፈሉ፤ የመጀመሪያው እትም ስድሳ ቅጂ ብቻ ነበረው። ያ ዓመት በኢትዮጵያ ደርቡሽ ጎንደርን ያቃጠለበት፣ ክፉ ቀን የሚባለውም ረሃብ ደጃፍ ላይ የነበረበት ዓመት ነው። ሲልቬሪያ የቤቱን ወጪ እየቀነሰች፣ ልጆቹን እያሳደገች፣ የባሏን መጽሔት ጭምር ተሸከመች። ስለ ካኻል ብዙ የተጻፈ ቢሆንም ስለ እሷ የተጻፈው ከሥራዋ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው።

ካኻል መጽሔታቸውን ለአውሮፓ ሊቃውንት ላኩ። መልስ አልመጣም። የሳይንስ ቋንቋ ያን ጊዜ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ነበር፤ ስፓኒሽ የሚያነብ ሊቅ የለም፤ ከስፔንም ሳይንስ ይወጣል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። ስለዚህ በኦክቶበር 1889 ማይክሮስኮፓቸውንና የመስታወት ናሙናዎቻቸውን ይዘው ወደ በርሊን ሄዱ። የጀርመን የአካል ጥናት ማኅበር ጉባኤ ነበር። የሚያውቁት ሰው የለም፤ ፈረንሳይኛቸውም የተሰባበረ ነበር። ናሙናዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደሩና በአጠገቡ የሚያልፈውን ታላቅ ሊቅ ሁሉ እየጎተቱ ማይክሮስኮፑ ዘንድ አቆሙት። ቋንቋ ያልቻለው ነገር በዓይን ተቻለ። ከሁሉ በላይ የተደነቁት አልበርት ፎን ኮሊከር ነበሩ። በጊዜው የዘርፉ አባት የሚባሉ፣ የ72 ዓመት ሽማግሌ ናቸው። የመረቡን ሐሳብ ሲደግፉ ኖረው በዚያ ዕድሜያቸው ሐሳባቸውን ለወጡ፤ የካኻልንም ጽሑፎች ለማንበብ ስፓኒሽ መማር ጀመሩ። በቤር ሼቫ ኡልፓን በስድሳ ዓመታቸው አሌፍ ቤት የቆጠሩ እናቶችና አባቶች የኮሊከርን ሥራ ክብደት ከሌላው ሰው ይልቅ ያውቁታል።

ከበርሊን በኋላ በሩ ተከፈተ። በ1890 ካኻል በጫጩት ሽል ውስጥ የሚያድግ የነርቭ ክር ጫፍ እንደ መዳፍ ሰፋ ብሎ፣ ጣት የመሰሉ ነገሮች እያወጣ መንገዱን እንደሚዳስስ አዩ። መንገዱን የሚመራው በኬሚካል ሽታ ዓይነት ነው ብለው ገመቱ። ግምታቸው እውነት መሆኑ የታወቀው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በ1891 ጀርመናዊው ቫልደየር ለዚህ ራሱን ችሎ ለሚቆም ሕዋስ ኒውሮን የሚል ስም አወጡ። ካኻልም በ1892 ወደ ማድሪድ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ።

በ1894፣ ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ታላቅ ንግግር እንዲያደርጉ ወደ ለንደን ተጠሩ። ያደሩት ቻርልስ ሸሪንግተን በሚባሉት ሊቅ ቤት ነበር። የተሰጣቸውን መኝታ ክፍል ላቦራቶሪ አደረጉትና ሲወጡ ቆልፈው ቁልፉን ይዘው ይሄዱ ነበር፤ የቤት ሠራተኞቹ ግራ ተጋብተው ነበር አሉ። በንግግሩ ላይ ያነሡት ሐሳብ ዛሬም ይጠቀሳል። ሰው አእምሮውን በሥራ ባለማመደው ቁጥር በነርቭ ሕዋሳቱ መካከል ያለው ግንኙነት ይበረታል፣ ይበዛል አሉ።

በ1906 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። አብሯቸው የተሸለመው ማን ነው ቢሉ ጎልጂ ናቸው፤ ዘዴውን የፈጠሩት። ሁለቱ ስቶክሆልም ላይ ተገናኙ። ጎልጂ በሽልማቱ ንግግራቸው ላይ የካኻልን ሐሳብ ነቀፉና የመረቡን ሐሳብ ደግፈው ተናገሩ። በገዛ ብራቸው የጠቆረውን ዛፍ እያዩ ሳያዩት ቀሩ። ክርክሩ ፈጽሞ የተዘጋው በ1950ዎቹ ነው፤ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በሁለት ሕዋሳት መካከል ያለውን ክፍተት አሳየ።

ካኻል በዚያው ዓመት የትምህርት ሚኒስትር ሁኑ ሲባሉ እምቢ አሉ። መንግሥት ላቦራቶሪ ሲከፍትላቸውም የተመደበላቸው ደመወዝ በዝቷል፣ ይቀነስልኝ ብለው ያስቀነሱ ሰው ናቸው።

ነገር ግን አንድ ከባድ ፍርድ ሰጥተዋል። በ1913 እና በ1914 ስለ ነርቮች መጎዳትና ማገገም ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አሳተሙ። በእጅና በእግር ያሉ ነርቮች ሲቆረጡ መልሰው ያድጋሉ፤ ባደገ ሰው አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ግን መንገዱ የተዘጋ፣ የማይለወጥ ነው፤ የሚሞተው ይሞታል፣ አዲስ የሚተካ የለም ብለው ደመደሙ። ይህን ፍርድ የወደፊቱ ሳይንስ፣ የሚቻል ከሆነ፣ እንዲያሻሽለው ምኞታቸውን ጨምረው ጻፉ። አንባቢዎች ግን ፍርዱን ያዙ፤ ምኞቱን ረሱት። ለብዙ አሥርት ዓመታት ሐኪሙም መምህሩም ያደገ አንጎል አይለወጥም ሲል ኖረ። በዚህ የተነሣ ብዙ ሽማግሌ ከመማር ተመልሷል፤ በ1894 የተናገሩትን ለሚያስታውስ ሰው የሚያሳዝን ነገር ነው።

ፍርዱ ከሁለት ወገን ተሻሻለ። በ1960ዎቹ ጆሴፍ አልትማን የሚባሉ ተመራማሪ ባደጉ አይጦች አንጎል ውስጥ አዳዲስ ሕዋሳት እንደሚወለዱ አሳዩ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው አላመናቸውም፤ በኋላ ግን ተረጋገጠ። በሰው ላይ ምን ያህል እንደሚሆን ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ሁለተኛው ከጂን ንባብ ወገን ነው። በ2004 ካናዳ ውስጥ ማይክል ሚኒና በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ሞሼ ሺፍ ከባልደረቦቻቸው ጋር እናት አይጦችን አጠኑ። አንዳንዷ እናት ግልገሎቿን አብዝታ ትልሳለች፣ አንዳንዷ ጥቂት ብቻ። በመጀመሪያው ሳምንት አብዝተው የተላሱት ግልገሎች፣ የጭንቀትን ሆርሞን ተቀብሎ የሚያበርደው ጂን በአንጎላቸው ውስጥ ይበልጥ ተከፍቶ ተገኘ፤ አድገውም እርጉ ሆኑ። የማትልስ እናት የወለደችውን ግልገል ለምትልሰው እናት ሲሰጡ እንደ አሳዳጊዋ ሆነ። ልዩነቱ በመጽሐፉ አልነበረም። የእናት ምላስ ገጹን ይከፍተዋል። ከዚህም በላይ፣ ባደጉት አይጦች ላይ በመድኃኒት ሲሞክሩ የተዘጋው ገጽ ሊከፈት እንደሚችል አዩ።

ካኻል በ1922 በሰባ ዓመታቸው ጡረታ ወጡ፤ ማይክሮስኮፑን ግን አላስቀመጡም። ሲልቬሪያ በ1930 ሞተች። እርሳቸው ጆሯቸው እየከበደ፣ እንቅልፍ እያጡ፣ ዓለም ለሰማንያ ዓመት ሰው እንዴት እንደምትታይ አንድ መጽሐፍ ጻፉ። ስለሚጠፋ ስም፣ ስለሚደክም ዓይን፣ ስለሚለወጥ ጊዜ ያለ ኀፍረት የተጻፈ ነው። መጽሐፉ በወጣበት ዓመት፣ ኦክቶበር 17 ቀን 1934 ማድሪድ ውስጥ በ82 ዓመታቸው አረፉ። ግድግዳ ቀቢው ተሰጥኦ የለውም ያለው እጅ የተዋቸው ሥዕሎች በሺዎች ይቆጠራሉ። ዩኔስኮ በ2017 ከዓለም የጽሑፍ ቅርሶች ጋር መዝግቧቸዋል።

ብሩን ያስቸገረውን ማይሊን የሚሠራው ሕዋስ የቱ ነው የሚለውን የመለሱት ከዚያው ከማድሪድ ላቦራቶሪ የወጡ ሰው ናቸው፤ ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ይባላሉ። ካኻል መጀመሪያ አላመኗቸውም፤ በ1920 ተጣልተው ከላቦራቶሪው አስወጧቸው፤ በኋላ ነው የታረቁት። ካኻል ካረፉ ሁለት ዓመት ሳይሞላ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ፤ ተማሪዎቻቸውም ተበታተኑ። ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ናሙናዎቻቸውን ይዘው ከአገር ወጡ፣ ፓሪስና ኦክስፎርድ ቆይተው ወደ አርጀንቲና ተሻገሩ። በ1945 በቦነስ አይረስ በስደት ሞቱ፤ አስከሬናቸው ወደ ስፔን የተመለሰው በ1986 ነው።